ለአስከሬን መላኪያ ከማዋጣታችን በፊት

አንድ ዓርብ ቀን ሳብያ ውስጥ ሐበሾች በጋራ በሚኖሩበት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ወጣት በጎኑ ወድቆ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤቱ ተተራመሰ። አንዱ “ክብሪት አምጡ!” ብሎ ጮኸ፤ ሌላው በማንኪያ ጥርሱን ሊያላቅቅ ታገለ፤ ሁለት ሰዎች እጅና እግሩን ጨምድደው ያዙት። አንዲት እህት ስልኳን አውጥታ “አምቡላንስ ልጥራ?” ስትል ሦስት አራት ሰው ባንድ ድምፅ “ተይ! ሁላችንንም ልታስይዢን ነው?” አላት። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። አንድም የረባ ነገር አላደረግሁም።

ልጁ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነቃ። የነቃው ግን በክብሪቱ ሽታ አይደለም። አብዛኛው የሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥ በራሱ ጊዜ ስለሚቆም ነው። ከእኛ “እርዳታ” የተረፈው የተሸረፈ ጥርስና አፍንጫው ጫፍ ላይ የቀረ ትንሽ ቃጠሎ ነው።

ያን ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ሐሳብ አልለቅቅ አለኝ። ያ ልጅ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በሰዓታት ውስጥ በዋትሳፕ ቡድኖቻችን ፎቶው ይዞር ነበር። ከጂዛን እስከ ጅዳ ያለ ሰው ያለውን ያዋጣ ነበር። አስከሬኑ አገሩ እስኪገባ፣ ለእናቱም ማስተዛዘኛ እስኪላክ እንቅልፍ የሚተኛ አልነበረም። ለሞተ ሰው እንዲህ ነን፤ በዚህ የሚያማን የለም። በሕይወት ላለው ሰው፣ በሚያጣጥርባት በዚያች አሥር ደቂቃ ግን ምን እንደምናደርግ አናውቅም። ብናውቅም እንፈራለን።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። በጂዛንና በደቡቡ ድንበር ከተሞች ለምንኖር ሰዎች የመጀመሪያ እርዳታ ማወቅ ለነርስ ብቻ የሚተው ሙያ አይደለም። ለአስከሬን መላኪያ የምንሰበሰበውን ያህል ለዚህም መሰብሰብ አለብን።

ሐኪሙ እስኪደርስ ያለነው እኛ ነን

አካባቢውን ታውቁታላችሁ። ከጂዛን ከተማ፣ ከአቡ አሪሽ ወይም ከሳብያ መሐል ላይ ላለ ሰው ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። በፈይፋና በዳየር ተራሮች ላይ፣ መንገዱ እንደ እባብ በሚጠማዘዝበት፣ ወይም ከሳምጣና ከጡዋል ወጣ ብሎ በእርሻና በበግ በረት ውስጥ ለሚሠራው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አምቡላንሱ ወዲያው ቢነሣ እንኳ መንገዱ ራሱ ጊዜ ይበላል።

ሰውነት ግን አይጠብቅም። ልቡ የቆመ ሰው አንጎሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል። ጉሮሮው የታነቀ ሕፃን ከዚያም ያነሰ ጊዜ ነው ያለው። እነዚህን ደቂቃዎች የትኛውም ሆስፒታል ሊያገኛቸው አይችልም። በእጃቸው የሚያገኟቸው አጠገቡ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም እኔና እናንተ ነን።

መጀመሪያ ስልኩ

በጂዛን ክልል አምቡላንስ የሚጠራው በ997 ነው፤ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ ቁጥር ነው። ለእሳትና ለጎርፍ የሲቪል መከላከያው ቁጥር 998 ነው። ሁለቱንም አሁኑኑ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሳትጨርሱ፣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ቀይ ጨረቃው “አሰዕፍኒ” የሚባል የስልክ መተግበሪያም አለው፤ ያላችሁበትን ቦታ በቀጥታ ይልክላችኋል። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በሌለበት የበረሃ እርሻ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አረብኛችን ከኩሽናና ከሥራ ቦታ የማያልፍ ብዙዎች ነን። ለዚህ ግን ብዙ ቃል አያስፈልግም። “አብጋ ኢስዓፍ” ማለት አምቡላንስ እፈልጋለሁ ነው። ከዚያ የሆነውን ንገሩ፦ “ማ ይትነፈስ” (አይተነፍስም)፣ “ነዚፍ” (ደም ይፈስሳል)፣ “ሓዲስ ሰያራ” (የመኪና አደጋ)፣ “ለድጋት ሐያ” (እባብ ነድፎታል)፣ “ደርበት ሸምስ” (ፀሐይ መታው)፣ “ሐሪቅ” (እሳት)። ቀጥሎ ቦታውን፦ የትኛው ከተማ፣ በየትኛው መስጊድ ወይም ነዳጅ ማደያ አጠገብ። ስልኩን እናንተ ቀድማችሁ አትዝጉ። አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ብዙ ወገኖቻችን ኢቃማ የላቸውም። “ብደውል እያዛለሁ” የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ስለማውቅ አላቃልለውም። ግን ሒሳቡን አብረን እናስላው። የምንፈራው ወደ አገር መመለስን ነው። በሕይወት የተመለሰ ሰው እናቱን ያያል፣ ሠርቶ ይነሣል። በሣጥን የተመለሰ ግን ሌላ ዕድል የለውም። የሳዑዲ የጤና ሙያተኞች ሕግም አንድ ሙያተኛ በአስጊ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ሲያይ የሚቻለውን እርዳታ እንዲሰጥ ወይም ሌላ ሰው እየረዳው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ በቡድናችሁ ውስጥ ኢቃማ ያለው ሰው ካለ የመደወሉን ኃላፊነት አስቀድሞ ይውሰድ። ቁስለኛን በሌሊት ሆስፒታል በር ላይ ጥሎ መሸሽ ወይም “እስኪሻለው” ብሎ መደበቅ ግን ርኅራኄ አይደለም።

ከመሮጥ በፊት መመልከት

የእኛ ሰው ደግ ነው፤ ወገኑ ሲወድቅ ካየ ሳያስብ ዘሎ ይገባል። ይህ ደግነት ብዙ ሰው ገድሏል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንደ ጉድጓድና ታንከር ባሉ ዝግ ቦታዎች ከሚሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡት እንደሆኑ ገልጾ ነበር።

የእርሻ ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ የውኃ ታንከር፤ ሦስቱም አየር ሊያጥራቸው ወይም መርዛማ ጋዝ ሊይዙ ይችላሉ። ጋዙ አይታይም፤ አንዳንዱም አይሸትም። አንድ ሰው ወርዶ ዝም ካለ ሁለተኛው አይውረድ። ገመድ ቀድሞ ወገቡ ላይ ታስሮ ከነበረ ከላይ ሆናችሁ ጎትቱት። ካልነበረ 998 ደውሉ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ደግሞ በእጃችሁ አትንኩ። መጀመሪያ ኃይሉን ከማከፋፈያው ሣጥን ላይ አጥፉ። ይህ ካልተቻለ፣ የቤት መስመር ከሆነ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን አርቁለት። ከምሰሶ ወደቀ ሽቦ ግን አትጠጉ።

ከተራራው የሚወርደው ጎርፍም እንደዚሁ ነው። ሰማዩ እናንተ ያላችሁበት ላይ ጥርት ብሎ፣ ዝናቡ ግን ላይ ዘንቦ፣ ሸለቆው በደቂቃዎች ይሞላል። 30 ሴንቲሜትር የሚሆን የሚፈስ ውኃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። “እናልፈዋለን” የሚል ሾፌር ካጋጠማችሁ ውረዱ።

ሙቀት፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ

የጂዛን ሙቀት የሪያድ ዓይነት አይደለም። ባሕሩ አጠገብ ስለሆነ አየሩ እርጥብ ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነው፤ አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ “ብዙም አይደለም” በሚልበት ቀን እንኳ ሰውነት ውስጡ እየጋለ ሊሄድ ይችላል።

ከወሎ ደጋ፣ ከአርሲ ወይም ከትግራይ ተራሮች የመጣ ሰው ሰውነቱ ከዚህ አየር ጋር እስኪላመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በሙቀት ሥራ ላይ የሚሞቱ ብዙ ሠራተኞች የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። አዲስ የመጣን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሸክም አታሸክሙት። የሳዑዲ መንግሥት በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራትን ይከለክላል። ይህን ሕግ አሠሪያችሁ ሊያከብር ይገባዋል። በረሃ ውስጥ ብቻውን ግመልና በግ የሚጠብቀውን እረኛ ግን ተቆጣጣሪ አይደርስበትም፤ ጥላና ውኃ ሊጠይቅለት የሚችለው ቢያንስ በስልክ የሚያገኘው ወገኑ ነው።

ፀሐይ የመታውን ሰው እንዴት ታውቁታላችሁ? ገላው ይግላል፤ ይቀባዥራል፣ ይንገዳገዳል፣ የማይገናኝ ነገር ያወራል፣ ይወድቃል። “ላብ ስላለው ደህና ነው” አትበሉ፤ ሲሠራ የቆየ ሰው እያላበውም ሊሞት ይችላል። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ያገኛችሁትን ቀዝቃዛ ውኃ መላ አካሉ ላይ አፍስሱ፣ በካርቶን አራግቡለት፤ በረዶ ካለ ብብቱ፣ አንገቱና ጭኑ ሥር አድርጉ። አእምሮው ያልተረጋጋን ሰው ውኃ አታጠጡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። 997 ከተደወለ በኋላ መኪናው እስኪመጣ ማቀዝቀዙን አታቋርጡ። ሰውየውን መኪና ላይ ጭኖ ከመሮጥ ይልቅ እዚያው በደንብ ማቀዝቀዝ ሕይወቱን ያተርፈዋል።

ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ዓለም እ.ኤ.አ. በጁን 2024 በሐጅ ወቅት አይቷል። መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ በደረሰበት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ ባለሥልጣናት አስታውቀዋል። ከሟቾቹ 83 በመቶ የሚሆኑት ፈቃድ ሳይኖራቸው የሄዱ፣ ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ወረቀት የሌለው ሰው ጥላም እንደሚያጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ስለ ትኩሳት አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም የሚያተኩስ ሰው ፀሐይ የመታው አይደለም። ጂዛን የወባ ትንኝ ያለበት ቆላ ነው። በየመን በኩል ያለፈ፣ ወይም በሸለቆዎቹ አካባቢ የሚያድር ሰው ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ትኩሳት ከያዘው ፓናዶል ውጦ መተኛት መፍትሔ አይሆንም። በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። ከባዱ የወባ ዓይነት በአንድ ቀን ውስጥ ሰውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ቤት ውስጥ ለምትሠሩ እህቶች

እናንተ ከማንም በላይ ለአደጋ ቅርብ ናችሁ፤ ከማንም በላይም ሰው የማዳን ዕድል አላችሁ። የሰው ልጅ አደራ ተሰጥቷችኋልና።

ቃጠሎ። ዘይት ወይም የፈላ ውኃ ሲያቃጥላችሁ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል አትቀቡ። እነዚህ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዙታል። ቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ለ20 ደቂቃ ብቻ ነው መድኃኒቱ። እዚህ ግን አንድ ችግር አለ፤ በበጋ ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው የቧንቧ ውኃ ራሱ ይፋጃል። መጀመሪያ በእጃችሁ ሞክሩት፤ ሙቅ ከሆነ ከማቀዝቀዣ የወጣ የመጠጥ ውኃ አፍስሱ። በረዶ ግን አታድርጉ። ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት አውልቁ። የቋጠረውን ውኃ አታፍርጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ላስቲክ ሸፍኑት።

ክሎሮክስ። ክሎሮክስን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከቀላቀላችሁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ይህ ይገድላል። ማዳሟ “ሁለቱን ጨምሪና በደንብ ይነጻል” ብትል “ሃዳ ኸጠር” በሏት፤ አደገኛ ነው ማለት ነው። ካሳላችሁና ዓይናችሁ ከተቃጠለ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ያዙ፤ ባልዲውን ለማፍሰስ ተመልሳችሁ አትግቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በውኃ ታጠቡ። ሕፃን ከጠጣ አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከሰል። ይህን ለሁላችንም ነው የምናገረው። ቡናችንን ከሰል ላይ እናፈላለን፣ ዕጣን እናጨሳለን፤ ሙቀቱ እንዳይገባ በሩን ዘግተን ኤሲ እንከፍታለን። ብዙዎቹ ኤሲዎች ያንኑ የቤቱን አየር ያዟዙራሉ እንጂ የውጭ አየር አያስገቡም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ሲመጣ “ቡዳ ነው”፣ “ቡናው ጠንክሮብኝ ነው” እንላለን። ባንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ከሰሉ ነው። በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ። ከሰል እየነደደ ደግሞ በፍጹም አትተኙ።

ሕፃን ሲታነቅ። ተምር፣ ወይን፣ ለውዝ የሚያንቁ ነገሮች ናቸው። ሕፃኑ ካሳለ ይሳል፤ ተዉት። ድምፁ ከጠፋ ግን ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ዘንበል ይበል። በመዳፋችሁ መጨረሻ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ገልብጣችሁ ደረቱን መሐሉ ላይ 5 ጊዜ ተጫኑት። ትልቅ ልጅ ወይም አዋቂ ከሆነ 5 ጊዜ ጀርባውን ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላው ቆማችሁ፣ ቡጢያችሁን ከእምብርቱ ከፍ አድርጋችሁ፣ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጎትቱ። እስኪወጣ አፈራርቁ። የማይታያችሁን ነገር ለማውጣት ጣት ጉሮሮ ውስጥ አትክተቱ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

እሳት። ጂዛን ከተማ ይህን በደንብ ታስታውሳለች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2015 ንጋት ላይ በጂዛን አጠቃላይ ሆስፒታል በተነሣ እሳት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተው ከ100 በላይ ተጎድተዋል። በእንዲህ ያለ እሳት ከነበልባሉ ቀድሞ የሚደርሰው ጭሱ ነው። ጭስ ሲሞላ ጎንበስ ብላችሁ ወይም በዳዴ ውጡ፤ የዘጋችሁት በር ለኋላችሁ ሰው ጊዜ ይሰጣል። በምትሠሩበት ቤት ሁለተኛው መውጫ የቱ እንደሆነ፣ ቁልፉም የት እንደሚሰቀል በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

ለእረኞች፣ ለእርሻ ሠራተኞችና ለሾፌሮች

በደቡብ ምዕራቡ ተራሮችና ሸለቆዎች እፉኝትም ኮብራም አለ። እባብ ሲነድፍ እኛ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በምላጭ እንበጣለን፣ በአፍ እንመጣለን፣ በገመድ አጥብቀን እናስራለን፣ ጥቁር ድንጋይ እንለጥፋለን። አንዱም አይጠቅምም። መብጣቱ ደም ያፈስሳል፤ ማሰሩ እግሩን ሊያስቆርጠው ይችላል። የሚጠቅመው ሰውየውን ማረጋጋት፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ሳያራምዱ ተሸክሞ መውሰድ ነው። ቀለበትና ሰዓት አውልቁለት። እባቡን ለመግደል አታሳድዱ። የእባብ መርዝ ማርከሻ ያለው ሆስፒታል ነው፤ ሪያድ የሚገኘው የብሔራዊ ጥበቃው ማዕከል በዚህ አገር ላሉ እባቦች የሚሆነውን ያመርታል። ሌሊት ሲወጡ ባትሪና የተዘጋ ጫማ፣ ጠዋት ጫማ ከማድረግ በፊት ማራገፍ፤ ይህ ጊንጡንም ይከላከላል።

ከብት ለሚያርዱና ለሚያዋልዱ ደግሞ የ2000ን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በጂዛንና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር፤ በሽታው ከአፍሪካ ውጭ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ከታመመ ከብት ደምና ከጨነገፈ ጽንስ ወደ ሰው ይተላለፋል። ጓንት ያስፈልጋል፤ ጓንት ከሌለ ላስቲክ እጃችሁ ላይ አጥልቁ።

የመኪና አደጋ ሲደርስ ተጎጂውን ጎትታችሁ አታውጡ፤ እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋው በቀር። አንገቱ ተሰብሮ ከሆነ በእናንተ መጎተት ሽባ ሊሆን ይችላል። ደም የሚፈስሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ፣ ከሌለ በሽርጥ ወይም በሻሽ፣ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳትገልጡ። ጨርቁ ቢርስ ሌላ ከላይ ጨምሩ። የቡና ዱቄትና አፈር አትነስንሱበት። ከእጅ ወይም ከእግር እየተፈናጠረ የሚወጣ ደም በመጫን ካልቆመ ብቻ ከቁስሉ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በሰፊ ጨርቅ እሰሩ፤ በእንጨት ጠምዝዙት። ያሰራችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ ራሳችሁ አትፍቱት።

ሰው ወድቆ ሲጠሩት የማይመልስ፣ የማይተነፍስ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጣጥር ከሆነ ልቡ ቆሟል ብላችሁ አስቡ። በጀርባው ደረቅ መሬት ላይ አስተኙት። የአንድ እጃችሁን መዳፍ መጨረሻ በደረቱ መሐል፣ ሌላውን ከላዩ አድርጉ። ክንዳችሁን ሳታጥፉ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ድረስ ተጫኑ፤ በየጊዜው ደረቱ ተመልሶ ይነሣ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ በሰከንድ ሁለት ማለት ይቻላል። ይደክማል፤ በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። አፍ ለአፍ መተንፈስ ያልተማረ ሰው ድንገት የወደቀ አዋቂን ደረቱን ብቻ ቢጫን በቂ እንደሆነ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 አስታውቋል። ለሰጠመ ሰውና ለሕፃናት ግን ትንፋሽም ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን በሥልጠና መማር ያሻል። “ጎድኑ ቢሰበርስ?” ትሉ ይሆናል። ጎድን ይጠገናል።

ያንን የሳብያውን ልጅ የመሰለ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ክብሪቱን ተዉት። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ አትጨምድዱት። አካባቢውን ከድንጋይና ከእሳት አጽዱ፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ተመልከቱ። ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው 997።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ በአንድ ንባብ ማንም አይዘውም። እጅ የሚማረው በመሥራት ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

ከአገር ቤት ልጀምር። ሠራተኛ ወደ ውጭ ሲላክ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይደነግጋል። በዚያ ሥልጠና ውስጥ አሻንጉሊት ላይ ደረት መጫን፣ ሕፃን ሲታነቅ ማትረፍ፣ ቃጠሎ ማቀዝቀዝ በእጅ እየተሠራ ይፈተን። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይህን ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች አሉት። ልጃችሁን የምትልኩ ወላጆችም ለደላላ ከምትከፍሉት ላይ አንድ ቀን ለዚህ አውጡ።

ሁለተኛው የአሠሪዎች ጉዳይ ነው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 142 እያንዳንዱ አሠሪ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ከነመድኃኒቱ እንዲያቀርብ ያዛል። በግንባታም በፋብሪካም የምትሠሩ ሰዎች ሣጥኑ የት እንዳለ ጠይቁ። ተቆልፎ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሦስተኛውና ዋናው የራሳችን ነው። በየከተማው ማኅበር አለን፣ እቁብ አለን፣ እንደ እድር የምንረዳዳበት የዋትሳፕ ቡድን አለን። ከመካከላችን በአገር ቤት ነርስ፣ ጤና ረዳት፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ የነበሩ ሰዎች አሉ፤ ዛሬ ቤት እያጸዱ ወይም በግ እየጠበቁ ነው። ፈልጓቸው። አንድ ዓርብ ቡና አፍልታችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ ትራስ ላይ ደረት መጫን ያለማምዷችሁ። በጋራ በምትኖሩበት ቤት አንድ ሣጥን ይኑር፤ ጓንት፣ ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ መቀስ፣ ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ፣ ከውኃ ጋር የሚበጠበጥ የተቅማጥ ዱቄት፣ ባትሪ። ከሣጥኑ ክዳን ላይ 997 እና 998 በትልቁ ይጻፍ። የዚህ ሁሉ ወጪ ለአንድ አስከሬን መላኪያ ከምናዋጣው ጋር አይወዳደርም።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ደግሞ ከተቃጠለ በኋላ ለቀብሩ ስንሯሯጥ ኖረናል። ያ የሳብያው ልጅ ዛሬ ደህና ነው፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ይሠራል። ባለፈው ሳገኘው ጥርሱን እያሳየኝ ሳቀ፤ “እናንተ ናችሁ የሰበራችሁኝ” አለኝ። እውነቱን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው አጠገባችን ሲወድቅ ቢያንስ ጥርሱ ሳይነካ፣ ስልኩም ሳይዘገይ እንገኝ።